«በአንድነትና በነጠላ»፦ ሳንረዳቸው ስለምንፈርምባቸው የንግድ ሕግ ቃላት

ከእኛ ጥቂት ዓመታት ቀድሞ ከዚህ ግቢ የተመረቀ አንድ ወንድማችን ባለፈው ሰሞን ሊጠይቀን መጥቶ ነበር። ሥራ ይዟል፤ ደመወዙም ለጀማሪ የሚያሳፍር አይደለም። ነገር ግን ሻይ ልጋብዛችሁ ለማለት እንኳ ሲያመነታ አይተን ምክንያቱን ብንጠይቀው፣ ከደመወዙ ሢሶው በየወሩ በፍርድ ቤት ትእዛዝ እየተቆረጠ እርሱ ላልበላው ዕዳ እንደሚከፈል አጫወተን።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ የመኝታ ክፍል ጓደኛው ንግድ ለመጀመር ከአንድ አበዳሪ ገንዘብ ሲወስድ ዋስ እንዲሆነው ለመነው። ዋስ የሆኑት በጠቅላላው ሦስት ነበሩ። ወንድማችን ሳያነብ ፈረመ ብለን እንዳናማው ወረቀቱን አንብቧል። በመጨረሻው መስመር ላይ «ዋሶቹ በአንድነትና በነጠላ ኃላፊዎች ነን» ይላል። እርሱም «በአንድነት» ማለት ሦስታችንም አለንበት ማለት ነው፤ «በነጠላ» ማለት ደግሞ እያንዳንዳችን የየድርሻችንን እንከፍላለን ማለት ነው ብሎ ለራሱ ተረጐመውና ፈረመ። ተበዳሪው ንግዱ አልሰምር ብሎት ከአገር ወጣ። ከቀሩት ሁለት ዋሶች አንዱ ሥራ የለውም፤ የሌላውም አድራሻ ጠፋ። አበዳሪው ደመወዝ ያለውን መርጦ ሙሉውን ዕዳ ከእርሱ ጠየቀ፤ ዳኛውም ለአበዳሪው ፈረዱ። የፈረዱትም በግፍ አይደለም፤ ቃሉ የሚለው ይህንኑ ነውና።

«በአንድነትና በነጠላ» ማለት ባለገንዘቡ ቢፈልግ ሁሉንም በአንድ ላይ፣ ቢፈልግ አንዱን ብቻውን ነጥሎ፣ ዕዳውን እስከ መጨረሻው ሳንቲም ሊጠይቅ ይችላል ማለት ነው። «ነጠላ» የተባለው ዕዳው አይደለም፤ ተጠያቂው ሰው ነው። አንዲት ቃል በተሳሳተ መንገድ ስለ ተተረጐመች ወንድማችን ለዓመታት የደመወዙን ሢሶ ያጣል።

ይህን ከሰማን በኋላ በየመኝታ ክፍሉ እየዞርን የዚህችን ሐረግ ትርጉም ጓደኞቻችንን ጠየቅን። ሒሳብ አያያዝ ከሚያጠኑት፣ ሥራ አመራር ከሚያጠኑት፣ ከኢንጂነሪንግና ከጤና ተማሪዎችም መካከል አብዛኞቹ የመለሱልን ያ ወንድማችን እንደ ተረጐመው ነው። እኛም ብንሆን ከመጠየቃችን በፊት ባንድ ሳምንት ብንጠየቅ ኖሮ ያንኑ እንመልስ ነበር። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ የምንጽፈው እንደ ዐዋቂ ሆነን ለማስተማር ሳይሆን፣ የደረሰብንን ድንጋጤ ለሌሎች ለማካፈልና መደረግ አለበት የምንለውን ለመናገር ነው።

የምንለውም ይህ ነው። ከዚህ ዩኒቨርስቲ የሚወጣ ማንኛውም ተማሪ፣ የሚያጠናው ምንም ይሁን ምን፣ በንግድና በውል ጉዳይ የሚያገለግሉትን መሠረታዊ የሕግ ቃላት በአገሩ ሕግ በተጻፉበት ቋንቋና በአገሩ ሕግ በተሰጣቸው ትርጉም ሊያውቃቸው ይገባል። አሁን ያለው ትምህርት ግን ይህን አያደርግም።

የአገራችን የፍትሐ ብሔር ሕግና የንግድ ሕግ ሁለቱም የወጡት በ1952 ዓ.ም. ሲሆን በሥራ ላይ የዋሉት ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ ነው። የፍትሐ ብሔሩን ረቂቅ ያዘጋጁት ፈረንሳዊው ሊቅ ረኔ ዳቪድ ናቸው። የንግዱን የጀመሩት ዣን ኤስካራ ነበሩ፤ ሥራው ሳያልቅ ስለ ሞቱ የፈጸሙት አልፍሬድ ዦፍሬ ናቸው። ረቂቆቹ በፈረንሳይኛ ተጽፈው ወደ አማርኛና ወደ እንግሊዝኛ ተመለሱ። በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1243 አዲስ የንግድ ሕግ ወጥቶ ስለ ነጋዴዎች፣ ስለ ንግድ ማኅበሮችና ስለ ኪሳራ የሚናገሩትን የቀድሞውን ሕግ መጻሕፍት ተክቷል። ስለ ማጓጓዝና ስለ ኢንሹራንስ፣ ስለሚተላለፉ የንግድ ሰነዶችና ስለ ባንክ ሥራ የሚናገሩት ግን ከ1952ቱ እንደ ጸኑ ናቸው። የውል ሕጋችንም ያው የ1952ቱ ነው።

ይህን ታሪክ ያመጣነው አንድ ነገር ለማሳየት ነው። ሕጋችን ከአውሮፓ ዋና ምድር ሕግ ጋር የሚዛመድ እንጂ ከእንግሊዝና ከአሜሪካ የወረደ አይደለም። በንግድ ፋኩልቲ የምናነባቸው ብዙዎቹ መጻሕፍት ግን የእንግሊዝና የአሜሪካ ናቸው። ከእነርሱም ውል እንዲጸና «ኦፈር፣ አክሰፕታንስ፣ ኮንሲደሬሽን» ያስፈልጋል የሚለውን እንደ ዳዊት እንደግማለን፤ በፈተናም ጽፈን ሙሉ ማርክ እናገኛለን። ኮንሲደሬሽን ማለት አንዱ ለሰጠው ቃል ሌላው በአጸፋው የሚሰጠው ዋጋ ያለው ነገር ነው። በእንግሊዞች ሕግ ይህ አጸፋ ከሌለ፣ በልዩ ሥርዓት በተጻፈ ሰነድ ካልሆነ በቀር፣ ባዶ ቃል አያስገድድም። የእኛ የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን በ1678ኛው አንቀጽ ለውል መቋቋም የሚያስፈልጉትን ሲዘረዝር ሦስት ነገሮችን ብቻ ይላል። እነርሱም፦ ተዋዋዮቹ ችሎታ ያላቸው ሆነው ጉድለት የሌለበትን ፈቃዳቸውን መስጠታቸው፤ የውሉ ጉዳይ በበቂ የተረጋገጠ፣ የሚቻልና ሕጋዊ መሆኑ፤ ሕግ ልዩ የአጻጻፍ ሥርዓት ካዘዘም ያ ሥርዓት መጠበቁ ናቸው። ኮንሲደሬሽን የሚባል ነገር በዚያ የለም።

ይህ የቃላት ክርክር ብቻ የሚመስለው ቢኖር አንድ ምሳሌ እንስጥ። ሦስት ጓደኛሞች ተመርቀው ከግቢው በር አጠገብ የማባዣና የፎቶ ኮፒ ቤት ሊከፍቱ አሰቡ እንበል። አንድ ነጋዴ ያገለገለ መሣሪያ አለው። «እስከ አርብ እጠብቃችኋለሁ፤ ገንዘቡን ካገኛችሁ በዚህ ዋጋ የእናንተ ነው» አላቸው። ረቡዕ ሌላ ሰው ጥቂት ጨምሮ ቢመጣበት ነጋዴው ጓደኛሞቹን «ቃሌን አንሥቻለሁ» ሊላቸው ይችላልን? በእንግሊዝኛው መጽሐፍ ቢሆን፣ ለመጠበቁ አንዳች ነገር ካልተከፈለው፣ አዎን ይችላል። በእኛ ሕግ ግን ለመቀበያ የጊዜ ገደብ የሰጠ ሰው ጊዜው እስኪያልፍ ድረስ በቃሉ ይታሰራል፤ 1690ኛው አንቀጽ የሚለው ይህንኑ ነው። እንግዲህ በፈተና ሙሉ ማርክ ያገኘው ተማሪ ነጋዴው ፊት ቆሞ መብቱን ሳያውቅ አንገቱን ደፍቶ ይመለሳል። ተምሮ ከተታለለ ሰውና ሳይማር ከተታለለ ሰው የሚያሳዝነው የቱ ነው?

እነዚሁን ሦስት ጓደኛሞች ይዘን ወደ ሌሎቹ ቃላት እንለፍ።

በመጀመሪያ «ማኅበር» የምትለው ቃል አለች። ማኅበር ስንል ሁላችንም ጽዋውን፣ ዕድሩን፣ ይህንንም የተማሪዎች ማኅበር እናስባለን። ሕጉ ግን በሁለት ይከፍለዋል። በፍትሐ ብሔር ሕግ ማኅበር የተባለው ትርፍ ለማግኘትና ለመካፈል ሳይሆን ለሌላ ዓላማ የተቋቋመው ሲሆን፣ ትርፍና ኪሳራ ለመካፈል የተቋቋመው ግን «የንግድ ማኅበር» ነው። ጓደኛሞቹ የፎቶ ኮፒውን ቤት «እንደ ዕድራችን በመተማመን» እንሠራዋለን ካሉ፣ በወዳጅነት ዓለም መልካም ነው፤ በሕግ ዓለም ግን ቤታቸው መልክ የለውም። ማን ስንት አዋጣ፣ ማን ይፈርማል፣ አንዱ ቢወጣ ምን ይዞ ይወጣል የሚሉት ጥያቄዎች የሚመጡት ገንዘብ ሲመጣ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ወዳጅነቱ ቀዝቅዞ ይገኛል።

ሁለተኛው «የሕግ ሰውነት» የሚለው ነው። በሕግ ፊት ሰው ማለት ከእናቱ የተወለደው ብቻ አይደለም፤ በሥርዓቱ ተመዝግቦ የሕግ ሰውነት ያገኘ የንግድ ማኅበርም በራሱ ስም ንብረት ይይዛል፣ ይዋዋላል፣ ይከሳል፣ ይከሰሳል። ከዚህ የሚከተለውን ነገር ብዙ ሰው አያስተውለውም። የማኅበሩ ገንዘብ የማኅበሩ እንጂ የአባላቱ አይደለም። ሥራ አስኪያጅ የሆነው ጓደኛ ማታ ከመሳቢያው ጥቂት ብር አውጥቶ ለእራቱ ቢያውል «የራሴን ነው የወሰድኩት» ማለት አይችልም፤ የሌላ ሰው ገንዘብ ነው የወሰደው። ያ ሌላ ሰው ሥጋና ደም ስለሌለው ብቻ ባለቤትነቱ አይቀርም።

ሦስተኛው በየሱቁ ግንባር ላይ «ኃላ. የተ. የግ. ማኅበር» እየተባለ ባጭሩ የሚጻፈው ነው። ሲዘረዘር «ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር» ነው። ብዙዎቻችን ይህን ስናነብ ድርጅቱ ለደንበኞቹ ያለበት ኃላፊነት ጥቂት ነው ማለት ይመስለናል። ስሕተት ነው። ማኅበሩ ለዕዳው በንብረቱ ሁሉ ይጠየቃል። ኃላፊነታቸው የተወሰነው አባላቱ ናቸው፤ እነርሱም የሚያጡት ያዋጡትን ነው እንጂ ባለገንዘቦች ቤታቸው ድረስ መጥተው ዕቃቸውን አይሸጡባቸውም። በኅብረት የሽርክና ማኅበር ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ በዚያ ሸሪኮቹ ለማኅበሩ ዕዳ በራሳቸው ንብረት ጭምር፣ ያንኑ ወንድማችንን ያጠመደውን ቃል እንድገመውና፣ «በአንድነትና በነጠላ» ይጠየቃሉ። የ2013ቱ ሕግ አንድ ሰው ብቻውን ሊያቋቁመው የሚችለውን ባለአንድ አባል ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበርም ጨምሮልናል። እንግዲህ ጓደኛሞቹ የሚመርጡት ስም አይደለም፤ ንግዱ ቢወድቅ ማታ የሚተኙበት አልጋ የእነርሱ ሆኖ ይቀራል ወይስ አይቀርም የሚለውን ነው።

አራተኛው «ዋስትና» ነው። ይህች ቃል በጣም ሥራ የበዛባት ናት። ከእስር ለመለቀቅ የሚሰጠውም ዋስትና ነው፤ ሻጭ ዕቃው እንከን የለውም ብሎ የሚሰጠውም ዋስትና ነው፤ ለሰው ዕዳ መግባትም ዋስትና ነው። እዚህ የምንናገረው ስለ መጨረሻው ነው። ሕጉ ስለ ዋስ በጣም የሚጠነቀቅ ሆኖ ሳለ እኛ ጥንቃቄውን አናውቅም። ዋስትና በግምት አይያዝም፤ በግልጽና በጽሑፍ መሆን አለበት፤ ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛው የገንዘብ ልክ ካልተጻፈበትም ውሉ ዋጋ የለውም። ተራ ዋስ የሆነ ሰው ባለገንዘቡን «አስቀድመህ የባለዕዳውን ንብረት ጠይቅ» ለማለት ይችላል፤ «በአንድነትና በነጠላ» ብሎ የፈረመው ግን ይህን መብት አስቀድሞ አሳልፎ ሰጥቷል። የከፈለ ዋስ ደግሞ በባለገንዘቡ እግር ተተክቶ ባለዕዳውን ሊጠይቅ ይችላል፤ ከሌሎቹ ዋሶችም የየድርሻቸውን ሊያስከፍል ይችላል። ያ ወንድማችን ይህን የመጨረሻውን እንኳ ያወቀው ከእኛ ጋር ተቀምጦ ሕጉን ስናነብ ነው። አያቶቻችን ያልጠበቁት ዕዳ ሲመጣ «ዕዳ ከሜዳ» ይሉ ነበር፤ ይህ ግን ከሜዳ የመጣ ሳይሆን ከወረቀቱ ግርጌ የመጣ ነው።

ሳንዋስም በዚህ ቃል ልንታሰር እንደምንችል መዘንጋት የለብንም። በፍትሐ ብሔር ሕግ 1896ኛው አንቀጽ መሠረት ባለዕዳዎች ከአንድ በላይ በሆኑ ጊዜ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ በአንድነትና በነጠላ ይጠየቃሉ። አራት ሆነን ከግቢ ውጭ ቤት ስንከራይና አራታችንም ስንፈርም፣ ሦስቱ ጥለውን ቢሄዱ አከራይዋ እትዬ ሙሉውን ኪራይ ከቀረው ከአንዱ ቢጠይቁ ሕጉ ከእርሳቸው ጋር ነው።

አምስተኛው «ቼክ» ነው። በገበያችን አንድ ክፉ ልማድ አለ፤ ዕቃ በዱቤ የወሰደ ሰው ወደ ፊት የሚመጣ ቀን የተጻፈበት ቼክ ፈርሞ «ለመያዣ ነው፤ ባንክ አታስገባው» ብሎ ይሰጣል። በሕጋችን ግን ቼክ እንደ ቀረበ የሚከፈል ሰነድ ነው። የተጻፈበት ቀን ሳይደርስ እንኳ ለባንክ ቢቀርብ በቀረበበት ቀን ይከፈላል። በሒሳቡ ገንዘብ እንደሌለው እያወቀ ቼክ የሚሰጥ ሰውም የገንዘብ ዕዳ ብቻ ሳይሆን በ1996ቱ የወንጀል ሕግ 693ኛ አንቀጽ መሠረት የወንጀል ክስ ይጠብቀዋል። ጓደኛሞቹ ወረቀትና ቀለም በዱቤ ሲወስዱ የሚፈርሙት ቼክ ለእነርሱ የቀጠሮ ማስታወሻ ይመስላቸዋል፤ ለሕጉ ግን ጥሬ ገንዘብ ነው።

ስድስተኛው «ኪሳራ» ነው፤ የቃላትን ነገር ከማናቸውም ይልቅ የሚያሳየን ይህ ይመስለናል። ነጋዴው «ዘንድሮ ከሰርኩ» ሲል አላተረፍኩም ማለቱ ነው። ዳኛው በፍርዱ መጨረሻ «ወጪና ኪሳራ» ሲሉ ለክርክሩ የወጣውን ገንዘብ ማለታቸው ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ «ኪሣራ» ሲል ለደረሰ ጉዳት የሚከፈለውን ካሣ ማለቱ ነው። የንግድ ሕጉ «ኪሳራ» ሲል ደግሞ ነጋዴው ዕዳውን መክፈል አቅቶት በፍርድ ቤት ውሳኔ ንብረቱ ለባለገንዘቦቹ የሚከፋፈልበትን ሥርዓት ማለቱ ነው። አንዲት ቃል፣ አራት ትርጉም። ይህን ሳያውቅ ወረቀት የሚያነብ ሰው ፊደሉን ቢለይም ነገሩን አላነበበም።

ሰባተኛው «ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል» የሚለው ነው። ዛሬ የዕቃ ዋጋ በተወደደ ቁጥር «ከአቅሜ በላይ ሆነ፤ ውሉ ይቅር» የሚል ነጋዴ ብዙ ነው። ሕጉ ግን፣ በውሉ በግልጽ ካልተነገረ በቀር፣ ውሉን ለመፈጸም የሚያስፈልገው ጥሬ ዕቃ መወደዱ ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል አይደለም ይላል። ጓደኛሞቹ የአንድ ትምህርት ቤት የፈተና ወረቀት በተቈረጠ ዋጋ ሊያባዙ ተዋውለው ወረቀት ቢወደድባቸው፣ ጉዳቱ የእነርሱ ነው። ይህን የሚያውቅ ሰው ከመፈረሙ በፊት «የወረቀት ዋጋ ከዚህ በላይ ከጨመረ ዋጋው ይሻሻላል» የምትል አንዲት መስመር ያስጽፋል፤ የማያውቅ ግን ከፈረመ በኋላ ያለቅሳል።

ስምንተኛው ለሁላችንም የሚቀርበው የብድር ነገር ነው። በግቢያችን ገንዘብ የምንበዳደረው በቃል ነው፤ ጓደኛን ፈርም ማለት ነውር ይመስለናል። በሕጉ ግን ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ ወይም በፍርድ ቤት በሚሰጥ የእምነት ቃል ወይም መሐላ ካልሆነ በቀር በሌላ ማስረጃ ሊረጋገጥ አይችልም። ሕጉ በወጣበት በ1952 ዓ.ም. 500 ብር ከባድ ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ ግን የመጽሐፍ ዋጋ እንኳ ላይሆን ይችላል። ቍጥሩ ግን አልተለወጠም። ስለዚህ አሥር ምስክር ይዞ ቢቀርብ የማያስረዳ ተበዳይ በመካከላችን አለ። «በቃል ያለ ይረሳል፤ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው አባባል ለሊቃውንት ብቻ የተነገረ አይደለም። የተጻፈውም ቢሆን ለዘለዓለም አይጠበቅም፤ ሕጉ ሌላ ጊዜ ካልወሰነ በቀር ከውል የመነጨ መብት በ10 ዓመት ይርጋ ይታገዳል። ይርጋ ማለት ነገሩ ይርጋ፣ ክርክሩም ይብቃ ማለት ነው። እንዴት ያለ ግሩም ቃል ነው! ከእኛ መካከል ግን በእንግሊዝኛ ካልሆነ በቀር የሚያውቀው ጥቂት ነው።

እንግዲህ ተቃውሞ እንደሚነሣብን እናውቃለን። አንዳንዶች «ሕግ ለሕግ ተማሪዎች ነው፤ ሐኪም ውል ሲያጋጥመው ጠበቃ ይዟል» ይሉናል። እኛም ጠበቃን አንንቅም። ነገር ግን ሰው ወደ ጠበቃ የሚሄደው አንድ የሚያጠራጥር ነገር እንዳለ ሲገባው ነው። ያ ወንድማችን ጠበቃ ያላማከረው ገንዘብ ስላጣ አይደለም፤ ቃሉን ያወቀው ስለ መሰለው ነው። ከማያውቅ ሰው ይልቅ ያወቀ የመሰለው ሰው ለጉዳት የቀረበ ነው። ሕግን አለማወቅም ይቅርታ አያሰጥም፤ ሕጉ የሚጠይቀን ሁላችንንም ከሆነ ሊማሩት የሚገባቸው ጥቂቶች ብቻ የሚሆኑበት ምክንያት አይታየንም።

ሌሎች ደግሞ «እንግሊዝኛ የትምህርትና የዓለም ንግድ ቋንቋ ነው፤ ወደ ኋላ አትመልሱን» ይሉናል። እንግሊዝኛውን ተዉ አላልንም። ከውጭ ኩባንያ ጋር የሚዋዋል ኢትዮጵያዊ የእነርሱንም ሕግ ማወቅ አለበት። እኛ የምንለው የጎረቤትን ቤት ከማወቃችን በፊት የራሳችንን እንወቅ ነው። በፌዴራል ፍርድ ቤቶች ክርክሩ የሚካሄደው በአማርኛ ነው። በነጋሪት ጋዜጣ የሚወጣው ሕግ በአማርኛውና በእንግሊዝኛው መካከል ልዩነት ቢገኝ የሚጸናው አማርኛው ነው። ተማሪው ግን በማይጸናው ተምሮ በሚጸናው ይፈረድበታል።

ከአገራችን ልዩ ልዩ ክፍሎች የመጡ ጓደኞቻችን «አማርኛ ለሁላችን የአፍ መፍቻ አይደለም» ቢሉንም እውነት አላቸው። በክልል ፍርድ ቤቶች ኦሮምኛ፣ ትግርኛ፣ ሶማልኛና ሌሎችም ቋንቋዎች የፍርድ ቋንቋዎች ናቸው። ይህ ሐሳባችንን ያሰፋዋል እንጂ አያፈርሰውም፤ የቃላቱ መድበል በእነዚያም ቋንቋዎች ጎን ለጎን ይዘጋጅ እንላለን። ዋናው ነገር ሰው የሚፈረድበትን ቃል በሚገባው ቋንቋ ማወቁ ነው።

ይህ ደግሞ ከውጭ የመጣ አዲስ ነገር አይደለም። አባቶቻችን ፍትሐ ነገሥትን ሲማሩ ንባቡ በግእዝ፣ ትርጓሜው ግን በአማርኛ ነበር። ሊቁ ቃሉን አንብቦ ብቻ አያልፍም፤ «እንዲህ ማለት ነው» ብሎ በሚሰማ ቋንቋ ያፍታታዋል፤ ሌላ ፍች ካለውም «አንድም» ብሎ ይጨምራል። ዛሬ ዩኒቨርስቲ ገብተን ንባቡ በእንግሊዝኛ ሆኖ ትርጓሜ የሌለው ሕግ መማራችን ከአባቶቻችን ወደ ኋላ መቅረት ነው። «በሕግ አምላክ» ሲባል እንኳን ሰው ወራጅ ውኃ ይቆማል ይባል ነበር። ለመቆም ግን የተባለውን መስማትና መረዳት ያስፈልጋል።

ስለዚህ ለማኅበራችንና ለፋኩልቲዎቹ አራት ነገሮችን እናቀርባለን።

አንደኛ፣ በንግድ ፋኩልቲ የሚሰጠው የንግድ ሕግ ትምህርት ከፍትሐ ብሔር ሕጋችንና ከ2013ቱ የንግድ ሕግ የሚጀምር ይሁን፤ የውጭዎቹ መጻሕፍት ለማነጻጸሪያ ይቅረቡ። ኮንሲደሬሽን ሲማር «በእኛ ዘንድ ይህ የለም» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ያልሰማ ተማሪ ሊኖር አይገባም።

ሁለተኛ፣ የሌላው ፋኩልቲ ተማሪ ሁሉ ከመመረቁ በፊት ስለ ውል፣ ስለ ዋስትና፣ ስለ ቼክና ስለ ንግድ ማኅበሮች ጥቂት ሰዓታት የሚማርበት መንገድ ይፈለግ። ለማርክ ባይሆንም ግድ የለም።

ሦስተኛ፣ የተማሪዎች ማኅበር ይህችን መጽሔት በሚያባዛበት መሣሪያ አንዲት ትንሽ የቃላት መድበል ያባዛ። ሃምሳ ቃላት ይበቃሉ፤ እያንዳንዱ ቃል ሕጉ የሚለውን፣ ገበያው የሚለውንና አንድ ምሳሌ ይያዝ። እኛ የጀመርነው ስምንት ቃላት እነሆ ከላይ አሉ፤ በነጻ ወስዶ ማረም፣ መጨመርም ይቻላል።

አራተኛ፣ የሕግ ፋኩልቲ ጓደኞቻችን በሳምንት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከቤተ መጻሕፍቱ አጠገብ አንድ ጠረጴዛ ይዘው ይቀመጡ፤ ሊፈርም ያለ ተማሪ ወረቀቱን አምጥቶ «ይህች ቃል ምንድን ናት?» ብሎ ይጠይቃቸው። እነርሱም ይማሩበታል፤ በመጽሐፍ የተማሩትን ለሕዝብ በሚገባ ቋንቋ ማስረዳት ነገ የሚጠብቃቸው ሥራ ነውና።

ይህ ሁሉ እስኪሆን ድረስ ግን ለእያንዳንዳችን የሚቻለን ነገር አለ። ጓደኛ ዋስ ሁነኝ ብሎ ሲመጣ እምቢ በሉ አንልም፤ ዋስ የሌለው ሰው ምን ያህል እንደሚቸገር እናውቃለን፤ እኛም ነገ ዋስ ፈላጊዎች ነን። የምንለው «አምጣው ላንብበው፤ ያልገባኝን እስክጠይቅ አንድ ቀን ስጠኝ» ማለት ነውር አይደለም ነው። የገንዘቡ ልክ ተጽፏል? ዋስትናው ተራ ነው ወይስ በአንድነትና በነጠላ? ለስንት ጊዜ ነው? እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች የማይታገሥ ወዳጅ ዕዳውን ይታገሣል ብሎ ማመን ያስቸግራል።

ያ ወንድማችን ሊሄድ ሲነሣ የሻዩን ሒሳብ እኛ ልንከፍል ተሽቀዳደምን። እርሱም እየሳቀ «ተዉ፣ ለሻዩስ በአንድነትና በነጠላ ኃላፊዎች ነን» አለን። አብረነው ሳቅን። ቃሉን አሁን እርሱም እኛም እናውቀዋለን፤ እርሱ ግን የተማረበትን ገና እየከፈለ ነው። ከእኛ በኋላ የሚመጡት ያንኑ ቃል በርካሽ እንዲማሩት ማድረግ የእኛ ፋንታ ነው።